እጅ የማይነካው ማማሰያ

ሙሄዲንን ለማወቅ ሱቁን ማየት ይበቃል። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ እየተጋራን፣ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ይጠግን ነበር ስል ይፈታ ነበር ማለቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ለጎረቤቱ አበድሯል፣ ሌላው የማያውቀውን ሬዲዮ ቁልፍ ለብሷል። ባለቤቱ ሲመጣ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ይባላል። ያ ነገ ስንት ወር እንደሚረዝም እኔ ብሩ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ደንበኛ መጥቶ ሲጮህበት የስፌት መኪናዬን ፔዳል ጠንከር አድርጌ እየረገጥኩ ጩኸቱን ልሸፍንለት የሞከርኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሰነፍ ግን አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይከፍታል፣ ሰዓት እላፊው እስኪቃረብም አይዘጋም። ችግሩ አንዱን ሬዲዮ ሲፈታ ውስጡ የሚገርም ነገር ያያል፣ ልቡ እዚያ ይቀራል፣ ሬዲዮው ይረሳል። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ጠባዩ ይመስለኝ ነበር። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። እወደው ነበር፤ ያናድደኝም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ቀን።

በ1978 ክረምት ሁስኒያ የምትባል ልጅ የእናቷን ሬዲዮ ይዛ መጣች። ሬዲዮው ምንም አልሆነም፤ ባትሪው ተገልብጦ ነው የገባው። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ ባትሪው እንደገና ተገልብጧል። የመምህርነት ኮርስ የጨረሰች ልጅ ባትሪ መግጠም ያቅታታል ብዬ አላምንም። ሙሄዲን ግን ሁለቱንም ጊዜ በቁም ነገር አስረዳት። በሦስተኛው ነገሩ ገባውና ላብ አጠመቀው። በመጣበት ቀን ለባለቤቱ የመለሰው ሬዲዮ ያ ብቻ ነው፤ እሱም ያልተበላሸ።

የሁስኒያ እናት እትዬ ጣይባ ናቸው። ያኔ ደሴ ውስጥ ያለ እትዬ ጣይባ ቀሪቦ የሙስሊም ሠርግ አይታሰብም። ቀሪቦ የማታውቁ ካላችሁ፣ ገብስ ጠቆር ተደርጎ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድርና በማግስቱ አረፋ ይዞ ይጠጣል። ሲያዩት ጠላ ይመስላል፤ ግን አያሰክርምና ሙስሊሙ በድግሱ ያቀርበዋል። እትዬ ጣይባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን ያሳደጉትና ያስተማሩት በዚህ መጠጥ ነው።

ሙሄዲን እኔን ሽማግሌ ብሎ ሳይሆን እንዲያው የልባቸውን አይተህ ና ብሎ ላከኝ። ሄድኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም ካወራሁ በኋላ ስለ ሙሄዲን አነሳሁ። እትዬ ጣይባ ነጠላቸውን አስተካክለው ሰሙኝ። ልጁ ጨዋ መሆኑን፣ ሶላቱን የማያስታጉል መሆኑን አመኑልኝ። ቀጥለውም «ጀምሮ የጨረሰውን አንድ ነገር አሳየኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አሉኝ። የሱቁን ሬዲዮዎች በሙሉ አንድ በአንድ በሐሳቤ አገላበጥኩ። የማቀርበው ስላጣሁ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ በእትዬ ጣይባ ቤት ክፉ ነገር ሆነ። በቆርቆሮ የሚሸጠው እርሾ ከሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል። የቀበሌው ሱቅ አልፎ አልፎ ሲያመጣም የቆየ፣ ግማሹ የሞተ ነው። በዚያ እርሾ ለአንድ ሠርግ የጠመቁት ቀሪቦ አረፋ ሳይዝ ቀረ፤ በርሜሉ ውስጥ የተኛ የገብስ ውኃ ሆነ። እንግዳው በይሉኝታ ጠጣ። እሳቸው ግን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ጣይባ አረጀች መሰለኝ» ስትል በጆሯቸው ሰሙ። ለሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። የኮምቦልቻው የጨርቅ ነጋዴ ሀጂ አብዱልወሀብ ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ ቀሪቦ እንዲጠምቁ ቀደም ብለው ነግረዋቸዋል። እትዬ ጣይባም ያም ከተኛ እንስራዬን እሰብራለሁ፣ ሁለተኛ አልጠምቅም አሉ።

ሁስኒያ ይህን ለሙሄዲን ነገረችው፤ ሙሄዲን ለእኔ ነገረኝ።

በዚያው ሰሞን ሙሄዲን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሠራተኞቹን ክበብ ሬዲዮ እንዲጠግን ተጠራ። ማታ ሲመለስ ዓይኑ እንደ ሕፃን ይበራል። ሬዲዮውን ጠገንከው ወይ ስለው ረስቶታል። ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ነገር አይቷል። አትጠገብ የምትባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ ፈሳሽ ጠፍጣፋ ሣጥን ላይ ታስቀምጣለች፤ ብርጭቆው ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር አለች፤ ማንም ሳይነካት ትሽከረከራለች፤ ፈሳሹም አብሮ ይዞራል። ከሣጥኑ ሥር ሞተር አለ፣ ሞተሩ ላይ ማግኔት፣ ነጯ ነገር ውስጥም ብረት። ከሁሉ የበለጠ ልቡን የወሰደው ግን ስለ እርሾ ሲጠይቃት የመለሰችለት ነው። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው አለችው፤ ምግብና አየር ይፈልጋል። ጥቂት እርሾ በስኳር ውኃ ውስጥ ሆኖ አንድ ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ቢማሰል፣ የሞተው ባይነሳም በሕይወት የቀረው ይራባል።

እኔ በእንጨት ማማሰያ ማማሰል አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ማን ቆሞ ያማስላል አለኝ። ልክ ነበር፤ ለዚያውም ረመዳን እየመጣ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ሞተሩ ከሞተ ቴፕ ተወሰደ፣ ማግኔቱ ከተቀደደ ድምፅ ማጉያ። ማግኔቱ እንደ ቀለበት ክብ ነው፤ ሞተሩ ላይ ለጥፎ ሲያዞረው ከላይ ያስቀመጠው ብረት ንቅንቅ አይልም። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ማግኔቱ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። ያን ቀን ሙሄዲን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሁለቱን ግማሽ መልሶ ለማጣበቅ ሲሞክር ደግሞ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች አንዱ አንዱን ይገፋል፤ አንደኛውን ሲገለብጠው ግን ጥርቅም ብለው ተጣበቁ። እንግዲህ እንዲህ ከፈለጋችሁ እንዲህ ሁኑ ብሎ በማስቲሽ አሰራቸው። ሞተሩን አዞረ። ከላይ ያለችው የብረት ቁራጭ ብድግ ብላ መዞር ጀመረች። ቀለበቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ስለነበር ብረቱን ይዞ የሚዞርበት ጎን አልነበረውም፤ ለአንድ ሳምንት ያቃተው ነገር በመሰበሩ ተቃና።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀልድ ነው። በመጀመሪያ የስኳሩን ውኃ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጎ አስቀመጠው፤ ማግኔቱ ጣሳውን ራሱን ይዞት ዞረና ውኃው ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የማርማላታ ጠርሙስ ተገኘ። ውስጡ የገባው ምስማር በማግስቱ ዝጎ ውኃውን አደፈረሰው። ምስማሩ በምን ይተካ ሲባል የእኔ የስፌት መኪና መርፌ ታየው። መርፌ በዚያ ዘመን እንደ ወርቅ ነው፤ አልሰጥም አልኩ። ሁስኒያን አስቦ የዛገውን ምስማር መልሶ ሲያነሳ ግን አንጀቴን በላውና ሰጠሁት። በጉጠት ቆረጠው፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከተተው፣ ሁለቱንም ጫፍ በእሳት አቅልጦ ደፈነው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው የአንድ ሬዲዮ የድምፅ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ እርሾው ሲፈጥን «ድምፁን ቀንሰው» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

ወሬው ሰኞ ገበያን ሲያዳርስ ከቀበሌ አንድ ካድሬ መጣ። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ሞተር፣ የሚንተከተክ ነገር፤ ሰውየው ያየው ነገር አላማረውም። ምን ታሰራጫለህ ብሎ ጠየቀው። ሙሄዲን እርሾ አለው። ካድሬው ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ረጅም ጊዜም የምትዞረዋን ነገር አየ። በመጨረሻ ያለው፣ ለመስከረሙ አብዮት በዓል ከወዛደሩ የፈጠራ ሥራ ጋር ለኤግዚቢሽን ይቅረብ ነው። ደብተሩ ላይ ጽፎ ሄደ፤ እኛም ትንፋሻችን ተመለሰ።

ሁለት ቀን የተማሰለውን እርሾ ይዘን እትዬ ጣይባ ዘንድ ሄድን። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። አንድ ማሰሮ ቀሪቦ ጠምቀው አሳደሩ፤ በማግስቱ አረፋው ከአፉ ገንፍሎ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብለው አገጫቸውን ያዙ። ስለ ሁስኒያ ስጠይቃቸው የሀጂ ሠርግ ይለፍ አሉኝ። ስለዚህ የሙሄዲን ትዳር በኮምቦልቻው በርሜል ላይ ተንጠለጠለ።

ሀጂ አብዱልወሀብ ሠርጉን የቆረጡት ኢድ ካለፈ በኋላ፣ የእኛ የሰኔ ጾም ሳይገባ ባለው ቅዳሜ ነው። ክርስቲያን እንግዶቼ በጾም ተይዘው ማዕዴን አይተው ብቻ እንዳይቀሩ ብለው ነው። በእኛ አገር በሙስሊም ሠርግ ለክርስቲያኑ ለብቻው በግ ይታረዳል፤ የሚያርደውም ክርስቲያን ነው። የዚያ ቀን ቢላዋ ለእኔ ተሰጠኝ። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀሪቦው ደሴ ተጠምቆ አራት በርሜል ሆኖ መኪና ላይ ሲጫን እኔም አብሬ ተጫንኩ። ሙሄዲን ማማሰያውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ መርፌዋ በእርሾው ጠርሙስ ውስጥ እየዞረች። ለምን አመጣኸው ስለው ለሀጂ ለማሳየት ነው አለኝ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እሱ ጠርሙሱን፣ እትዬ ጣይባ በርሜሎቹን፣ እኔ ደግሞ ሆዴን ይዘን ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። በርሜሎቹ ሀጂ ግቢ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ገቡ። እትዬ ጣይባ እርሾውን የለኩት ደሴ እንደለመዱት ነው፤ ያሳደሩትም ደሴ እንደለመዱት። ደሴ በግንቦትም ብርድ ልብስ ያስለብሳል። ኮምቦልቻ ጎረቤታችን ናት፣ በዓይን የምናያት፤ አንዳችንም ሌላ አየር ነው ብለን አላሰብንም። ደሴዎች ሁልጊዜ ኮምቦልቻን የደሴ ጓዳ አድርገን ነው የምናያት።

ቅዳሜ ጠዋት በጌን አርጄ፣ ገፍፌ፣ አጥቤ ስጨርስ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቋል። መጋዘኑ በር ላይ ሙሄዲን ተቀምጧል፤ አንድ ኩባያ ቅዳልኝ አልኩት። ቀዳልኝ። ጠጣሁ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ ጠየቅሁ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ለሁሉም ሰው የነገርኩት አንድ ኩባያ ቀመስኩ ብዬ ነው። ሦስት ነበር። ሦስተኛውን ስጨርስ ጆሮዬ ሞቀና በጉን ልዘፍንለት አሰኘኝ።

ቀሪቦው ጠላ ሆኗል፤ ለዚያውም የፋሲካ ጠላ።

ለሙሄዲን ቀስ ብዬ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ሼሆቹ ዱዓ አድርገው የሚጠጡት ይህን ነው። አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን የሕይወት ታሪክ ስለሆነ ይጻፍ። ውኃና ስኳር ጨምርበትና ዝም በል አልኩት። ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ማናቸውም ጠላ ቀምሰው አያውቁም። ከተናገርክ ማማሰያህም አበቃ፣ ሁስኒያም አበቃች አልኩት።

«አምነው እኮ ነው የሚጠጡት፣ ብሩ» አለኝ፤ ተነስቶም ወደ እትዬ ጣይባ ሄደ።

ተከተልኩት። እትዬ ጣይባ ከሀጂ ሴቶች ጋር ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቀሪቦው ማስከሩን፣ ጥፋቱም የእርሾው ኃይል መሆኑን፣ ያንንም ያመጣው እሱ መሆኑን ነገራቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ቀምሰኸዋል?»

«አልቀመስኩም፣ እትዬ። ብሩ ነው የቀመሰው።»

ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው ሊቀምሱት አይችሉም፤ ሀጂም አይችሉም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ምስክሩ የእኔ ምላስ ብቻ ነው። በእምነትህ ንገረኝ አሉኝ። በሚካኤል ማልኩላቸው። ከዚያ ወደ ሙሄዲን ተመለሱ።

«ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም» አላቸው።

ተቆጥተው እንደሆነ ልለይ አልቻልኩም። ቀና ብለው አራቱንም በርሜል ድፉ አሉ። ራሳቸው ሄደውም ለሀጂ አብዱልወሀብ ነገሩ። ሀጂ ነጭ ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙ። የክርስቲያን አንድ ኩባያ ይህን ሁሉ ያስደፋል ወይ ብለው ተጠራጥረው ነበር። በርሜሉ ወደ ቦዩ ሲደፋ ግን የጎረቤት ዶሮዎች ተሰብስበው አተላውን ለቀሙ። ትንሽ ቆይቶ አውራው ዶሮ ለመጮህ አንገቱን ሲያቃና በጎኑ ወደቀ። ሀጂ አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳቁ ደግ ነበር፤ ሠርገኛው ግን ምን ይጠጣል? እትዬ ጣይባ የተቆላ ገብስ ዱቄት ለመጠባበቂያ ይዘው መጥተዋል። ስኳር ግን አልቋል፤ ስኳር በኩፖን ነው። ይህ ሲሰማ የሀጂ ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ። አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በወረቀት ጠቅልላ፣ አንዷ ለልጆቿ ሻይ ያስቀመጠችውን ጥቂት በብርጭቆ አመጣች። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ነበሩ። ሳያቸው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከሦስቱ ኩባያ የመጣ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ለእርሾውም ሌላ ቦታ መሄድ አላስፈለገም። ሙሄዲን ለጉራ ያመጣው ጠርሙስ ማማሰያው ላይ ተቀምጦ እየዞረ ነው። እትዬ ጣይባ ጭልፋውን አነሱ፣ ሙቀቱን በእጃቸው መዳፍ እንደመለካት አድርገው አሰቡና ከለመዱት እጅግ ያነሰ ጨመሩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተጠመቀ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሰው ከዙህር ሶላት ሲመለስ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት የሌሊቱን ሥራ ሠርቶለት ጥቁር ቀሪቦ በስሱ አረፋ ይዞ ቀረበ። ከመቅረቡ በፊት አንድ ኩባያ ለእኔ ተሰጠኝ። ንጹሕ ነበር። እንግዳው ጠጥቶ አመሰገነ፤ ሼሆቹም ኩባያውን ደገሙት።

ማታ ዕቃ ስንጭን ሙሄዲን ባዶ በርሜሎቹን ብቻውን ያነሳ ነበር። የጠፋው ሁሉ በእሱ ማማሰያ እንደጠፋ፣ እትዬ ጣይባም ይህን እንደማይረሱ እርግጠኛ ነበር። እሳቸው መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ማማሰያውን ስጠኝ ብለው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሙሄዲን» አሉት። «ሽማግሌ ላክ።»

መኪናው ሐረጎን ሲወጣ ሙሄዲንን በጨለማው ውስጥ አየሁት፤ ዓይኑ በሳቅ ጠፍቶ ነበር።

ሽማግሌ ከሆኑት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሠርጉ በ1980 ጥር ደሴ ላይ ሆነ፤ ማማሰያው ሁለት ቀን ዞሮ እርሾውን አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጣይባ ሁለት ጭልፋ ነበራቸው፤ ትልቁ ለደሴ፣ ትንሹ ለኮምቦልቻ። ሙሄዲን ደግሞ የቦሩ ሜዳውን ክበብ ሬዲዮ ጠግኖ ጨርሷል፤ ሁስኒያ እያንዳንዷን ቀን እየጠየቀችው።

በሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ፣ ሼሆቹ ከፊት ተቀምጠው፣ ሙሽሮቹ ከመሐል ሆነው ሳለ ቀሪቦው ከመታደሉ በፊት እትዬ ጣይባ ራሳቸው አንድ ኩባያ ይዘው ወደ ክርስቲያኖቹ ወገን መጡ። የምላሴ ነገር ወሬው ደሴን አዳርሷል፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኩባያውን ሲያቀብሉኝ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «እንደ ኮምቦልቻው ሦስት አይደለም፤ አንድ ብቻ» አሉኝ። ለካ ያኔውኑ ያውቁ ነበር።

ጠጣሁ። ሙሄዲን ከመሐል ሆኖ ሲያየኝ፣ የቆርቆሮ ግድግዳችን፣ የተሰበረው ማግኔት፣ የሰጠሁት መርፌ ሁሉ ትዝ አለኝ። ኩባያውን እስከ አተላው ጨርሼ ባዶውን ለእትዬ ጣይባ መለስኩላቸው።

«ምንም የለውም» አልኩ፤ ትንሽ ቅር ቢለኝም። ሼሆቹም ቢስሚላህ ብለው ኩባያቸውን አነሱ።